«ለቤተሰቤ ስል ነው»፦ የመምህር ዋልተር ኋይት አወዳደቅ

ሮቤ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

ዋልተር ኋይት የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ሒሳብ ይሠራል። ወረቀትም እስክሪብቶም አልያዘም፤ የሚደምረው በቃሉ ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጎረምሳ፣ ሌላዋ ገና ያልተወለደች። የጥሩ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ወጪ በዓመት 45 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ ለሁለት ልጅ ለአራት ዓመት 360 ሺህ ይመጣል። የቤቱ የባንክ ዕዳ 137 ሺህ ነው። ለአስቤዛና ለልዩ ልዩ በወር 2 ሺህ ቢያዝ፣ በአሥር ዓመት 240 ሺህ ይሆናል። ድምሩ 737 ሺህ ዶላር ነው። በሳንባ ካንሰር ሊሞት የተቃረበ አባት ለቤተሰቡ ትቶት ሊሄድ የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ዕፅ ሸጦ ያቆማል።

ይህን ሒሳብ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሮቤ ላይ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ የሚያልቅበት መምህር፣ ጎባ ላይ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራዩን ማስማማት ያቃተው ሠራተኛ፣ ሲናና ላይ የማዳበሪያውን ዕዳ ከስንዴው ዋጋ ጋር የሚያስተያይ ገበሬ ማታ ማታ የሚደምሩት ይህንኑ ነው። «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የወንጀል ድራማ እዚህ ባሌ ደጋ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች ያለ አስተርጓሚ የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው። ዋልተር ሲጀምር ክፉ ሰው አልነበረም። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ግን 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሰባት በርሜል ሞልቶ በረሃ ውስጥ ቀብሯል። ይህ ያስፈልገኛል ካለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ድምሩ 737 ሺህ ላይ ቆሞ ሳለ ሰውየው ለምን አልቆመም? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይህ ነው።

ድራማው ኤኤምሲ በተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 ተጀምሮ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013 አበቃ። አምስት ምዕራፍ፣ 62 ክፍል ነው። የደረሰው ቪንስ ጊሊጋን ሲሆን፣ ዋልተርን ሆኖ የተጫወተው ብራያን ክራንስተን በዚህ ሥራው አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ክራንስተን ከዚያ በፊት ይበልጥ የታወቀው በአስቂኝ የቤተሰብ ድራማ ላይ ግራ የገባው አባት ሆኖ በመሥራቱ ነበር። የጣቢያው ኃላፊዎች መጀመሪያ አላመኑበትም። ጊሊጋን ግን ሰውየውን ከዓመታት በፊት «ኤክስ ፋይልስ» ላይ አሠርቶት ስለነበር ያውቀዋል። የፈለገው፣ ክፉ እየሠራም ተመልካች የሚያዝንለትን ተዋናይ ነበር፤ አገኘውም።

የጊሊጋን ሐሳብ ለቴሌቪዥን እንግዳ ነበር። የተለመደው ተከታታይ ድራማ ባለታሪኩን እንዳለ ያቆየዋል፤ መርማሪው ሁልጊዜ መርማሪ፣ ሐኪሙ ሁልጊዜ ሐኪም ነው። ተመልካቹ በየሳምንቱ ያንኑ ሰው ፍለጋ ይመለሳልና። ጊሊጋን ግን ደግ መምህር ሆኖ የሚጀምር፣ የወንበዴ አለቃ ሆኖ የሚጨርስ ሰው ለማሳየት ተነሣ። ለውጡን ደግሞ በአንድ ሌሊት አላደረገውም። አምስት ምዕራፍ ሙሉ አንድ አንድ እርምጃ እያስቆጠረ ወሰደው። የድራማው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በዝርዝር ሊታይ ይገባል። ዋልተር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ በምትባል ከተማ ያስተምራል። ኬሚስትሪ የለውጥ ትምህርት ነው እያለ በስሜት ሲያስረዳ ተማሪው አይሰማውም። ሃምሳኛ ዓመቱን ይዟል። ባለቤቱ ስካይለር ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንድ ልጃቸው ከአካል ጉዳት ጋር የተወለደ ነው። ደመወዙ ስለማይበቃ ከሰዓት በኋላ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ነበር የተቀጠረው፤ ሰው ሲጎድል ግን አለቃው እጠብ ይለዋል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ጎማ ሲፈትግ የመኪናው ባለቤት የራሱ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሳቀበት። ተመልካች ከዋልተር ጋር ቃል ኪዳን የሚገባው በዚህች ደቂቃ ነው። መምህር ሲዋረድ ማየት ለማንም ያማል፤ በተለይ «የኔታ» እያለ ባደገ ሕዝብ ዘንድ ያማል።

ከዚያ ካንሰሩ ተነገረው። የባለቤቱ እህት ባል ሃንክ የዕፅ ተቆጣጣሪ ፖሊስ ነው፤ ሜታምፌታሚን የተባለው ሰው ሠራሽ ዕፅ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገኝ ዋልተር ያየው ሃንክ ያዘው በተባለ የገንዘብ ክምር ነው። ጄሲ ፒንክማን የሚባል የቀድሞ ተማሪውን አጋር አድርጎ፣ ለመኖሪያ በተሠራ ያረጀ መኪና ውስጥ ዕፅ መቀመም ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት ወንጀለኞች ሊገድሉት ሲሉ በመርዝ ጋዝ ራሱን አዳነ። አንዱ ሞተ። ሁለተኛው ዶሚንጎ ግን ተረፈ፤ ጄሲ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንገቱ በብስክሌት ቁልፍ ከምሰሶ ጋር ታሰረ።

በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ ስለ ኅሊና እንዲህ በቅርበት የተሠራ ትዕይንት ጥቂት ነው። ዋልተር ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንድ በኩል የማይገድልበትን፣ በሌላው የሚገድልበትን ምክንያት ይጽፋል። በማይገድልበት በኩል ረድፉ ረዘመ፤ ነፍስ ማጥፋት ነው፣ ኅሊናው አይችለውም፣ ሃይማኖትም ይከለክላል። በሌላው በኩል ያለው አንድ ብቻ ነው፦ ከለቀቀው ቤተሰቡን ይፈጃል። ለእስረኛው ዳቦ ይሠራለታል፤ ጠርዙን የማይበላ መሆኑን ስላየ ጠርዙን ቆርጦ ይሰጠዋል። ቁጭ ብለው ያወራሉ። የዶሚንጎ አባት የቤት ዕቃ ሱቅ ነበረው፤ ዋልተር የልጁን አልጋ የገዛው ከዚያ ሱቅ ኖሯል። የሚተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። ዋልተር ቁልፉን ሊያመጣ ወጣ፣ ሊፈታው ቆርጧል። ከዚያ ወለሉ ላይ ወድቆ የተሰበረው ሳህን ትዝ አለው። ስብርባሪውን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቶ ገጣጠመው። አንድ ቁራጭ ጎደለ፤ እንደ ጩቤ የሾለው። ዶሚንጎ ደብቆታል። ዋልተር ወርዶ በዚያው የብስክሌት ቁልፍ አንቆ ገደለው፤ ሲያንቀውም «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይል ነበር፤ ያለቅሳል።

ብዙ ሰው የዋልተርን ውድቀት ከዚህ ሞት ይጀምራል። ልክ አይመስልም። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ፍርሃትም፣ አደጋም፣ እውነተኛ ጸጸትም ነበር፤ ከዚያ በኋላም ዋልተር ሥራውን ጥሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። ውድቀቱ የጀመረው ከዚያ ወዲያ፣ ማንም ባላስፈራራበት በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ነው።

ግብዣው የኤልየት ሽዋርትዝ ነው። ኤልየትና ዋልተር በወጣትነታቸው አብረው ኩባንያ መሥርተው ነበር። ዋልተር ድርሻውን በ5 ሺህ ዶላር ሸጦ ወጣ፤ ኩባንያው በኋላ በቢሊዮን የሚቆጠር ሀብት አፈራ። አሁን ኤልየት ሥራ ልስጥህ፣ የጤና መድን አለው ይለዋል። ዋልተር ሊደሰት ሲል፣ ባለቤቱ በሽታውን ነግራው እንደሆነ ገባው። እንቢ አለ። የኤልየት ባለቤት ግሬቸንም ደውላ የሕክምናውን ወጪ በሙሉ እንክፈል አለች። እንደገና እንቢ አለ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጄሲ ሄዶ እንቀምም አለው። ቤት ሲመለስ ደግሞ ስካይለርን ዋሻት፤ ግሬቸንና ኤልየት ሊከፍሉልኝ ነው አላት።

ከዚህች ሰዓት ጀምሮ «ለቤተሰቤ ስል ነው» የሚለው ቃል ውሸት ሆኗል። ንጹሕ ገንዘብ ቀርቦለት ነበር። ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ራሱንም የሚያሳክም ገንዘብ በሰላም እጁ ሊገባ ነበር። ያልተቀበለው ተቀባይ መሆን ስላልፈለገ ነው። እልሁ ከልጆቹ በለጠበት። ሮቤ ውስጥ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚኖርበት ከተማ፣ ሐራም ወይም ግፍ ያለበት ገንዘብ ልጅ ያሳድጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከየቤቱ አይጠፋም። ዋልተር ግን ከዚያም የባሰ ነገር አደረገ፤ ሐላሉ ቀርቦለት ሳለ ሐራሙን መረጠ።

በኋላ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ራሱ አፍ አውጥቶ ተናገረው። ጄሲ ሥራውን ለማቆም ፈልጎ፣ ያላቸውን ጥሬ ዕቃ ሸጠው እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ይዘው እንዲወጡ ሲለምነው፣ ዋልተር የድሮውን ኩባንያ አነሣበት። በየሳምንቱ ዋጋውን እንደሚያይ፣ ዛሬ 2.16 ቢሊዮን ዶላር እንደደረሰ፣ እርሱ የልጆቹን ውርስ በ5 ሺህ እንደሸጠ ነገረው። አሁን የሚፈልገው ገንዘብ ወይም ዕፅ ሳይሆን የራሱን መንግሥት መገንባት እንደሆነም አስረዳው። ጄሲ የዕፅ መንግሥት የሚያኮራ ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልስ አላገኘም።

የባሌ ገበሬ ይህን ዓይነት አወዳደቅ በእርሻው አይቶታል። በ2003 ዓ.ም የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን፣ ገበሬው አብዝቶ ይዘራው የነበረውን የስንዴ ዝርያ መታው። ከዚያ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም በየማሳው ተዘራ። በ2006 ዓ.ም ግን ዲገሉ ራሱ በሌላ በሽታ፣ በግንድ ዋግ ወደቀ፤ ባሌና አርሲ ላይ ማሳ ሙሉ የጠፋበት ገበሬ ነበር። አንዱን የቻለ ዝርያ ለሌላው አልቻለም። ዋልተርም እንዲሁ ነው። ካንሰሩ በሕክምና በረደለት። የፈራውን በሽታ በቋቋመበት ወቅት፣ ማንም ያልጠረጠረው ሌላው ከውስጥ ይበላው ነበር። ከሩቅ ሲታይ ማሳው አረንጓዴ ነው፤ መምህር፣ አባት፣ ባል። በሽታው የሚታየው ቀርቦ ግንዱን ለዳበሰ ብቻ ነው።

ከግብዣው በኋላ ያለው ቁልቁለት ፈጣን ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ የጄሲ ፍቅረኛ ጄን ዕፅ ወስዳ እንደተኛች ትውኪያዋ ያንቃታል። ዋልተር አጠገቧ ቆሟል። እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ሰበሰበው። ልጅቷ ልታጋልጠው ዝታ ነበርና ዝም ብሎ አያት፤ ሞተች። አሁንም አለቀሰ፤ «ይቅርታ» ግን አላለም። የጄን አባት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። በሐዘን እንደደነዘዘ ሥራ ገባ፤ ሁለት አውሮፕላኖች ከከተማዋ በላይ ተጋጩ፤ 167 ሰው አለቀ። አንዳንድ ሐያስያን ይህ ግጭት ተጋኗል ብለዋል። ጊሊጋን ግን አንድ ሰው ለአንድ ደቂቃ እጁን ሲሰበስብ ፍሬው የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማሳየት ነበረበት፤ ያለዚያ ተመልካች ጄንን በአንድ ሳምንት ይረሳት ነበር።

ቀጥሎ ጌል የሚባል፣ ሙዚቃና ግጥም የሚወድ ሰላማዊ ኬሚስት አለ። ዋልተር ራሱን ለማዳን ጄሲን ልኮ አስገደለው። በአራተኛው ምዕራፍ ብሮክ የሚባል ሕፃን በመርዛማ ተክል እንዲታመም አደረገ፤ ጄሲን ወደ ራሱ ወገን ለመመለስ ሲል። በአምስተኛው በየእስር ቤቱ የነበሩ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ የሚችሉ አሥር ሰዎችን በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስጨረሰ፤ እርሱ ሰዓቱን እያየ መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ዳቦ ቆርጦ ያበላ የነበረው፣ ለአንድ ሰው ነፍስ ወረቀት ሙሉ ምክንያት የጻፈው መምህር ነው ይሄ። እዚህ ሲደርስ ወረቀትም ዕንባም የለም።

ድራማውን ከአገራችን ሥራዎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ስለ ወንጀለኛ ገጸ ባሕርይ ሲያወራ በቶሎ የሚያነሣው በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ነው። አበበ ባልቻ በመድረክ የተፈተነ አንጋፋ ተዋናይ እንደመሆኑ ለአስናቀ ግርማ ሰጠው፤ ተመልካቹ እየጠላውም ሳያየው አላደረም። ሆኖም አስናቀን የምናገኘው ካበቃለት በኋላ ነው። ሀብታም ነው፣ የተፈራ ነው፣ ልቡ ደንድኗል። የምንጠብቀው መቼ ይጋለጣል የሚለውን ነው። እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ለተመልካች ምቹ ነው፤ ክፋቱ የእርሱ ነው፣ እኛ ደግሞ ከዳኛው ወገን ተቀምጠናል። ዋልተር ይህን ምቾት አይሰጥም። ከጎማ እጥበቱ ጀምሮ አብረነው ስለመጣን፣ ክፉ ሲሠራ እኛም አንድ ምክንያት እየፈለግን እንገኛለን።

ይህ በእውን የታየ ነገር ነው። ስካይለርን ሆና የተጫወተችው አና ገን እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሕዝቡ ለገጸ ባሕርይዋ ያለው ጥላቻ ወደ ራሷ እንደተሻገረ፣ ሊጎዷት የሚዝቱ ሰዎች እንደነበሩ ገልጻለች። የስካይለር ጥፋት ምንድን ነው? ባሏን የት አመሸህ ማለቷ፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ማለቷ፤ ልጆቼን ከዚህ ሰው ላርቅ ማለቷ። ዳኝነቱ የጠመመበት እንግዲህ ተመልካቹ ነው። ሕፃን ያስመረዘውን ሰው በርታ እያለ፣ ልጆቿን የምታተርፈውን እናት ነዝናዛ ብሎ ጠላት። ከአንድ የወንጀለኛ ታሪክ ጋር ብዙ ሰዓት ያሳለፈ ሰው ልቡ ወዴት እንደሚያጋድል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል። ከ2008 ዓ.ም ወዲህ እንደ ቃና ያሉ ጣቢያዎች የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገሩ ሳሎናችን ድረስ ያመጡልናል፤ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ከሽጉጥና ከበቀል ጋር ያመሻል። ልጆች አብረው ያያሉ። ማንን እየደገፉ እንደሚያዩ ግን ወላጅ አይጠይቅም።

የውድቀት ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣው ልጅ ተረት በየቤቱ የታወቀ ነው። እናቱ ተቀብላ ጠበሰችለት፤ ልጁ ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በሬ አደገ፤ መሰቀያው ሥር ቆሞ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት። ተረቱ ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን የበላውንም ይከሳል። የዋልተርን ታሪክ ከዚህ ተረት የሚለየው፣ እርሱ እንቁላሉን የሰረቀው በሃምሳ ዓመቱ መሆኑ ነው። በሃምሳ ዓመት የሚቀጣ እናት የለም። ሲሳሳት የሚነግረው አንድ ወዳጅ፣ አንድ የንስሐ አባት፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ በዙሪያው አናይም። አልበከርኪ ውስጥ ሁሉም በየግቢው ነው።

የአገራችን ሽፍታ ደግሞ ሌላ ነው። ባሌ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም በዘለቀው የባሌ ገበሬዎች አመፅ፣ መሬቱን የተነጠቀውና ግብር የከበደበት ሰው ጠመንጃ አንሥቶ ጫካ ገባ። የዘመኑ መንግሥት ሽፍታ አለው። በድርጊቱ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ ነገር ግን ስሙ የታወቀ፣ በደሉ የተነገረ፣ ጎራው የተለየ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሽማግሌ ሊልኩበት፣ ሊያስታርቁት ይቻላል። ዋልተር ኋይት ጫካ አልገባም። ከሚስቱ አጠገብ ተኝቶ፣ ከፖሊሱ አማቹ ጋር ሥጋ እየጠበሰ ነው የሸፈተው። ሽማግሌ የሚላክበት ቦታ የለም።

ከፍ ወዳለው ታሪካችን ብንወጣም ጥያቄው አለ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የተከፋፈለችን አገር አንድ ለማድረግ ነበር የተነሡት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ጎንደርን አቃጠሉ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም፣ በአሮጌ ውጊያ ዋዜማ፣ ብዙ እስረኞችን መቅደላ ላይ ገደል አስወረወሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሁሉም ጽፈውላቸዋል። ንጉሥን ከዕፅ ቀማሚ ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ዓላማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ግን አንድ ነገር እዚህ እንማራለን። የአማርኛ ድርሰት ቴዎድሮስን ሲወድ ራእዩንና ሐዘኑን አብዝቶ ይተርካል፤ ወደ ገደሉ የተወረወሩትን እስረኞች ግን በሩጫ ያልፋቸዋል። የሚወዱትን ሰው ጥፋት ጠጋ ብሎ ማየት ለእኛም ገና ያልጨረስነው ሥራ ነው።

የዋልተር ታሪክ የሚዘጋው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ሃንክ በረሃ ላይ በወንበዴዎች ተገደለ፤ ዋልተር ያን 80 ሚሊዮን ሙሉውን ልስጣችሁና ተዉት ብሎ ለምኖ አልሆነለትም። አብዛኛውን ገንዘብ ወሰዱበት፤ ቤተሰቡን አጣ፤ ወንድ ልጁ በስልክ ለምን አትሞትም አለው። በመጨረሻው ክፍል ለልጁ የተረፈውን 9 ሚሊዮን 720 ሺህ ዶላር ለማድረስ አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፦ ግሬቸንና ኤልየት በራሳቸው ስም እንዲሰጡለት ማስገደድ። ልጁ ከአባቱ እጅ አይቀበልምና። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው የእነርሱን ስጦታ ላለመቀበል ነበር፤ አሁን ገንዘቡ የእነርሱ ስጦታ ተብሎ ካልሆነ ቤቱ አይገባም። ከዚያ ወደ ስካይለር ሄደ። ያንኑ ሰበብ ሊደግም መስሏት ልታቋርጠው ስትል፣ ያደረግሁት ለራሴ ነው አላት። ወድጄው ነበር፣ ጎበዝም ነበርኩ፣ በሕይወት ያለሁ የመሰለኝ ያኔ ነበር አላት።

ይህን ቃል ለመናገር 62 ክፍል ፈጀበት። በባሌና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዓት ግን ጥፋትን ማመንን የሚፈልገው ከመጀመሪያው ነው። ነፍስ ያጠፋ ወገን አጥፍቻለሁ ብሎ በጃርሳዎች (በሽማግሌዎች) ፊት ካልቆመ ካሣውም እርቁም አይነሣም። ሸሽጎ የያዘ ሰው እርቅ የሚጠይቅበት አፍ የለውም። በሰሜኑም አውጫጭኝ ተብሎ አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያፈላልግበት ልማድ ነበር። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና መስጠቱ ይህ ጥበብ ገና እንዳልሞተ ያሳያል። ዋልተር ኋይት ዶሚንጎን በገደለ ማግስት፣ ገና እያለቀሰ ሳለ፣ እውነቱን የሚናገርበት አደባባይ ቢኖረው ኖሮ ጄንም፣ ጌልም፣ ሃንክም፣ በሰማይ የተጋጩት 167 ሰዎችም በተረፉ ነበር። ይህ ግምት አይደለም፤ ድራማው ራሱ እያንዳንዱን ሞት ከዚያ ዝምታ ጋር በክር አያይዞታል።

አሁን ለአገራችን የድራማ ጸሐፊዎች አንድ ልመና ይቀርባል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚጻፈው የወንጀል ድራማ ብዙ ጊዜ ክፉውን በቀይ መኪናና በጥቁር መነጽር ያስገባዋል። ተመልካቹ ገና በሩን ሲከፍት ያውቀዋል፤ ስለዚህ ራሱን አይፈራም። የሚያስፈልገን ከንጹሕ የሚነሣ ሰው ነው። የስንዴ መጋዘን ጠባቂ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ፤ ሲጀምር ሰው የሚያምነው፣ በዕድር ላይ ቃሉ የሚሰማ። የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ደረሰኝ ሲፈርም እጁ ሲንቀጠቀጥ አሳዩን። ሁለተኛውን ሲፈርም ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አሳዩን። አሥረኛውን ሲፈርም ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ልጁ ውጤት እያወራ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጊዜ ንጹሕ የእርዳታ እጅ ይዘርጋለት፤ እንቢ ሲልም እናየው፤ ለምን እንቢ እንዳለም ይንገረን። አሜሪካኖች ይህን በ62 ክፍል አሳይተዋል። እኛ በአሥራ ሁለት ክፍል ብናሳየው ይበቃል፤ ጽሑፉ ያለው ሰው ያውጣው፤ ሮቤም ጎባም ተመልካች አለው።